ከበሩ ኋላ ያለው እንስራ

ላስቲኩ ለሁለተኛ ጊዜ ሄደ። የኔአለም ከጣሪያው ቁንጮ ላይ ሲንጣጣ፣ ሲንጣጣ ቆይቶ ድንገት ዝም ሲል ሰማችው። ወዲያው የመጀመሪያዋ ጠብታ መጥታ ሒሳብ ደብተሯ ላይ አረፈች፤ ያውም ከሰዓቱን ሙሉ ስትታገለው በዋለችው ጥያቄ ላይ።

«አንቺም መልሱን አታውቂውም» አለቻት ጠብታዋን፣ ደብተሩን በቀሚሷ እየጠረገች።

ከዚያ በኋላ ሩጫ ነው። ሳፋውን ከምሰሶው ሥር አስቀመጠች። የወንድሟን የምስክርን መኝታ ጠቅልላ ወደ በሩ ጎተተች። ሽሮው ገንፍሎ እሳቱን ሊያጠፋው ሲል ደርሳ ክዳኑን አነሳች። ውጭ ደግሞ ጥጃዋ ገመዷን ፈትታ እናቷ ሥር ገብታለች፤ ዛሬም ወተት የለም ማለት ነው። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና የቀረው አንድ ሳምንት ነው። እግዜር ለሰው ሁለት እጅ ብቻ ሲሰጥ እናት የሌለችበትን ቤት አላሰበም፣ አለች በሆዷ። ወዲያው ደግሞ ደንግጣ አማተበች።

ምስክር ስድስት ዓመቱ ነው። የቤቱን ማፍሰስ እንደ ጨዋታ ይዞታል፤ በየጠብታው ሥር ጣሳና ኩባያ እየደቀነ ድምፃቸውን ያዳምጣል።

«እትዬ፣ የጣሳው ይበልጣል! ስሚው!»

«ሰማሁት። እግርህን ከውሃው አውጣ።»

አባታቸው ተረፈ ከእርሻ ሲገባ ጋቢው ውሃ ጠጥቶ ከብዶት ነበር። ቀና ብሎ ጣሪያውን አየና ዱላውን ከግድግዳው አስደገፈ።

«ሄደ?»

«ሄደ።»

የሳር ቤት ቁንጮ ላይ ገንቦ ይደፋበታል፤ ዝናብ በምሰሶው አናት እንዳይገባ። የእነሱን ገንቦ የሚያዝያ በረዶ ለሁለት ከፈለውና ስብርባሪው በሳሩ ላይ ተንሸራቶ ጓሮ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ተረፈ አንዴ ማዳበሪያ፣ አንዴ ላስቲክ እያሰረ ከነፋስ ጋር ሲጨቃጨቅ ከረመ። ነፋሱ ግን የዋዛ አይደለም፤ የመካነ ሰላም ደጋ ነፋስ ያሰሩትን ሁሉ ይፈታል።

«ያ እንስራስ?» አለ ምስክር ከበሩ ኋላ ወዳለው ጥግ እየጠቆመ። «ለምን እሱን አንደፋውም?»

«ዝም በል!» አሉት አባትና ልጅ እኩል።

ልጁ ክው አለ። የኔአለም አባቷን ላለማየት ሽሮውን ማማሰል ጀመረች፤ አባቷም እሷን ላለማየት ጋቢውን ይጨምቅ ገባ።

እንስራው የእናታቸው የስመኝ ነው። ስመኝ በጀሪካን አትቀዳም ነበር። «የጀሪካን ውሃ ላስቲክ ላስቲክ ይላል» እያለች፣ ጎረቤት ሁሉ ቢጫ ጀሪካን ሲሸከም እሷ እንስራዋን አዝላ ወንዝ ትወርዳለች። ጀርባዋ የሚነካው ወገኑ ለስልሶ ያብረቀርቃል። ከሁለት ክረምት በፊት፣ ከተረፈ ጋር ነገሩ አልሆን ሲል፣ ሽማግሌ ተቀምጦ ንብረታቸውን አካፈላቸው። ስመኝ ሣጥኗንና የድርሻዋን እህል አስጭና አቀስታ ከተማ ገባች። አሁን እዚያ ቤት ተከራይታ ጉልት አትክልት ትሸጣለች። በበዓል በበዓል እየመጣች ልጆቿን በአክስቷ ቤት ታያቸዋለች፤ የድሮ ቤቷን ደጃፍ ግን ረግጣው አታውቅም።

እንስራው ቀረ። የኔአለም ለማንም አልነገረችም እንጂ አንድ ነገር ታምናለች፦ ሴት እንደዚያ የምትወደውን ዕቃ ጥላ አትቀርም። እንስራው ከበሩ ኋላ እስካለ ድረስ እናቷ አንድ ቀን ትመጣለች። ቤቱን ስትጠርግ አቧራውን ታብስለታለች፤ ሰው በሌለበት ደግሞ አፍንጫዋን ከአፉ አስጠግታ ታሸተዋለች። እስካሁን ውሃ ውሃ ይላል።

በማግስቱ አያ ይሄነው መጡ። የአካባቢውን ሳር ቤት የሚከድኑ እሳቸው ናቸው፤ ቆርቆሮ ከመጣ ወዲህ ሥራቸው ቢቀንስም ምላሳቸው አልቀነሰም። ወጥተው ቁንጮውን ዳበሱትና እጃቸውን በሱሪያቸው እየጠረጉ ወረዱ።

«ተረፈ፣ ላስቲክ ቤት አይከድንም።»

«አውቃለሁ አያ።»

«ምሰሶው አናቱ ረጥቧል። እንጨት የሚበላው ጥፍሬ ይገባበታል፤ ወላሂ ይገባበታል! ይህ ክረምት በላዩ ካለፈ ከርሞ ቤቱ እናንተ ላይ ነው የሚተኛው። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ። ቅዳሜ የወንፈል ሰው ይዤ እመጣለሁ። እናንተ ገንቦ ፈልጉ፣ ሌላ አልፈልግም።» ዞር ሲሉ እንስራውን አዩት። «ይኸው አይደል እንዴ! አንገቱን ሰበር አድርጎ መድፋት ነው።»

«እሱ የስመኝ ነው» አለ ተረፈ። «የሰው ዕቃ አልነካም።»

አያ ይሄነው እንስራውን አዩ፤ ተረፈን አዩ፤ የኔአለምንም አዩ። ሲፈልጉ ዝም ማለትም ይችሉ ኖሯል። «አብሽር፣ ቅዳሜ ገና ነው» ብለው ዱላቸውን አነሱ።

የኔአለም ገንቦ ፍለጋ ያላንኳኳችው በር የለም። አንዷ የተሸነቆረ ባልዲ አሳየቻት፤ ሌላዋ ባሏ ገንቦውን ለዶሮ ማስፈልፈያ እንዳደረገው ነገረቻት። ትምህርት ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ ጓደኛዋን ፍቅርአዲስንም ጠየቀቻት።

«እናንተ ቤት የድሮ ገንቦ አይጠፋም?»

«ገንቦ? ጠላ ልትጠምቂ ነው እንዴ?»

«ለጣሪያ ነው። አትሳቂ።»

«አልሳቅኩም!» አለች ፍቅርአዲስ እየሳቀች። «እኛ ቤት ያለው ሁሉ ላስቲክ ነው። ለምን ቢጫ ጀሪካን አትደፉበትም? ከሩቅ ያበራል፣ ሙድ አለው።»

የኔአለምም ሳቀች። ፍቅርአዲስ ግን ድንገት ቆም አለች።

«ቆይ፣ የእናትሽ እንስራስ?»

«ተሰበረ።»

ለምን እንደዋሸች አታውቅም። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ የሸክላ መሰበር የሰማች መሰላት፤ ቀኑን ሙሉም ከሆዷ አልወጣላትም። መምህሩ ስለ ሦስት ማዕዘን ሲያስረዱ እሷ ከበሩ ኋላ ያለውን ጥግ ነበር የምታየው።

አርብ ከሰዓት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ምስክር ያስላል። መኝታውን ከጠብታው ብታሸሸው በሩ ብርድ ያስገባበታል፤ ከብርዱ ብታሸሸው ጠብታው አለ። አባቷ ደጃፍ ተቀምጦ ትናንት ነፋስ ከቁንጮው ያወረደውን ማዳበሪያ ይሰፋል። መርፌው ሁለቴ ወግቶት ጣቱን ይመጥጣል።

«አባ፣ እማዬን ልጠይቃት?»

መርፌው ቆመ።

«ምኑን?»

«እንስራውን። የሰው ዕቃ ከሆነ ባለቤቱን መጠየቅ ነው።»

ተረፈ መርፌውን ማዳበሪያው ላይ ሰካ። ከዚያ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት።

«ቁጥሯ ውስጡ አለ?»

«የለም» አለና ቁጥሩን በቃሉ ጠራላት። ሳያስብ፣ ሳይደናቀፍ፣ እንደ ውዳሴ ማርያም። የኔአለም ጣቷ ስልኩ ላይ ቀረ፤ አባቷ አንድ ቀን እንኳ ደውሎ እንደማያውቅ ታውቃለች።

«በሬዎቹን ልያቸው» ብሎ ተነሳ። በሬዎቹ እፊቱ ቆመው ነበር።

ስልኩ ጠራ። ከወዲያ በኩል የገበያ ጫጫታ መጣ።

«ሃሎ! ማነው?»

«እማዬ፣ እኔ ነኝ።»

«የኔአለም! ምን ሆናችሁ? ምስክር ደህና ነው?»

«ደህና ነን። የቤቱ ቁንጮ አፈሰሰ፣ እሱን ልነግርሽ ነው።»

«ውይ! ምሰሶው ጋ? የምስክር መኝታ እኮ እዚያ ሥር ነው።»

«ወደ በሩ አዞርኩት።»

«ጎበዝ። ደረቱን ሸፍኚው ታዲያ፣ የዚያ በር ብርድ አጥንት ይሰብራል።»

የኔአለም ዓይኗ ሞላ። እናቷ የበሩን ብርድ አልረሳችም።

«እማዬ፣ አያ ይሄነው ገንቦ ፈልጉ ብለውን ነው። እንስራሽን... እንዳንነካው ፈርተን...»

«የምን እንስራ?»

ኔትወርኩ የተቆረጠ መሰላት። «ከበሩ ኋላ ያለው። ውሃ የምትቀጅበት።»

«እሱ እስካሁን አለ?» ስመኝ ሳቀች፤ ክፋት የሌለበት፣ የደከመ ሳቅ ነበር። «ያኔ በጥድፊያ ረስቼው እኮ ነው የሄድኩት። እዚህ ቧንቧው ግቢ ውስጥ ነው፣ ምን ያደርግልኛል? ስበሩትና ድፉበት። የኔአለም? አለሽ?»

«አለሁ።»

«አንቺ ጣሪያ ላይ እንዳትወጪ። አባትሽም መሰላል እንዳይወጣ፤ ጉልበቱን ያመዋል። ሌላ ሰው ይውጣ። ... መጣሁ፣ ቲማቲሙ ያንን ያህል ነው! ገዢ መጥቶብኝ ነው የኔ ልጅ። ፈተናሽን እንዳትረሺ፣ እሺ?»

«እሺ።»

መቼ ትመጫለሽ ልትላት ነበር የፈለገችው። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው አፏ የታዘዘላት።

አልተናደደችም። ብትናደድ ይሻላት ነበር። ሄዳ ከእንስራው አጠገብ ተቀመጠች። ሁለት ክረምት ሙሉ አቧራውን ስትጠርግለት የኖረችው የእናቷ መመለሻ መያዣ አልነበረም፤ የተረሳ ዕቃ ነበር። እናቷ ናፈቀቻት፤ እንደ ትናንቱ አይደለም፣ ከትናንቱ ይብሳል። ትናንት ናፍቆቷ የሚጠብቀው ነገር ነበረው።

የአባቷ ጥላ በሩ ላይ ወደቀ።

«ምን አለች?»

ምላሷ ላይ አንድ ትንሽ ውሸት ተቀምጣ ነበር፦ መጥቼ እወስደዋለሁ ብላለች። ይህን ብትለው አባቷ ደስ ይለዋል። ዘንድሮም እንስራውን ሲዞረው ይከርማል፤ ምሰሶው ይረጥባል፤ ምስክርም ያስላል። የአባቷን ፊት አየች። እሷ የጠበቀችውን እሱም ሲጠብቅ ነው የኖረው፣ ተነጋግረው ባያውቁም።

«ረስቼው ነው የሄድኩት አለች» አለችው። «ስበሩትና ድፉበት ብላለች።»

«ረስታው» አለ ተረፈ። ከዚያ ወደ ደጅ ዞሮ ጥጃዋን ሲያይ ቆየ። የጥጃዋ ገመድ ዛሬ አልተፈታም። «መጥረቢያውን አምጪ።»

እንስራውን ደጅ አውጥቶ በሁለት ጉልበቱ መሃል ያዘው። መጥረቢያውን አነሳ፤ መልሶ አወረደው። እንደገና አነሳና መሬት ላይ አስቀመጠው።

«አንተ ያዘው፣ እኔ ልስበረው» አለች የኔአለም።

በመጥረቢያው ጀርባ አንገቱን መታችው። አንዴ፣ ከዚያ ጠንከር አድርጋ ደገመችው። አንገቱ እንዳለ ተነስቶ ወደቀ። ምስክር ሮጦ አነሳውና በቀዳዳው አሾልኮ አያቸው።

«እትዬ፣ አየሁሽ! ታለቅሻለሽ!»

«ጭስ ነው» አለችው፤ እሳት ግን አልነደደም።

ቅዳሜ ጠዋት አያ ይሄነው ሦስት የወንፈል ሰዎች አስከትለው ደረሱ። ሳሩን አበጠሩ፣ የሳሳውን ጠቀጠቁ፣ እየተሳደቡና እየሳቁ ሠሩ። እኩለ ቀን ሲሆን አያ ይሄነው ከቁንጮው ላይ ሆነው ጮኹ።

«ገንቦውን አምጡ! ደመናው እየመጣ ነው!»

ተረፈ እንስራውን ከማንም እጅ ቀድሞ አነሳው። ለስላሳው ወገን በትከሻው በኩል ነበር። አንድ እግሩን የመሰላሉ መጀመሪያ ላይ አሳረፈ።

የኔአለም አጠገቡ ቆማለች። ከትናንት ጀምሮ አንድ ነገር ደብቃዋለች፤ እንደ ስኳር በጉንጯ ይዛ ያደረችው ነገር ነው። ብትነግረው ደግሞ መጠበቅ ይጀምር ይሆን? አታውቅም። ግን የእሷ ብቻ አልነበረም፤ ለእሱ የተላከ ነው።

«አባ» አለችው። «መሰላል እንዳይወጣ ብላለች። ጉልበቱን ያመዋል ብላለች።»

ተረፈ ባለበት ቀረ። አያ ይሄነው ከላይ «ኧረ በዚያው ቀራችሁ!» ይላሉ። እሱ ግን እግሩን ቀስ አድርጎ ከመሰላሉ አወረደ። እንስራውን ከወንፈሉ ጎረምሶች ለአንዱ አቀበለና መሰላሉን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። እንስራው ከእጅ ወደ እጅ እየሄደ ቁንጮው ላይ ሲቀመጥ፣ ቀና ብለው ሁለቱም አዩት። ከመንገድ ይታያል፤ ከአቀስታ የሚመጣ ሰው ከሩቅ ያየዋል።

«የቱን ጉልበት አለች?» አለ ተረፈ፣ ዓይኑን ከጣሪያው ሳያወርድ። «የግራውን?»

የኔአለም መልስ ልትፈጥርለት ትችል ነበር። ትናንት የሰጣትን ስልክ ከኪሷ አውጥታ በእጁ አስያዘችው።

«ደውለህ ጠይቃት» አለችው። «ቁጥሩን እንደሆነ ታውቀዋለህ።»

ከዚያ ሒሳብ ደብተሯን አንስታ ገባች። ከበሩ ኋላ፣ እንስራው የነበረበት መሬት ላይ ክብ ምልክት ቀርቷል። የበሬ ቆዳ ጀንዲውን እዚያው ላይ አነጠፈችና ያቋረጠችውን ጥያቄ ፈልጋ አወጣች።