ሁለት ፍሬት ዝቅ

«አሁንም አልወረደም» አለ ሉቃስ።

«እየወረደ ነው። ዝም ብለህ ጠብቅ።»

ነቢዩ የቤዝ ጊታሩን አንገት ደግፎ የወፍራሙን ክር መቃኛ ትንሽ አላላና በአውራ ጣቱ መታው። ክሩ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ተርገበገበ። ሀይረዲን የኪቦርዱን አንድ ቁልፍ ተጭኖ እንደያዘ ነው፤ የቤዙ ድምፅ ከእሱ ጋር እስኪገጥም አይለቀውም። ኪቦርዱ ላይ ባለችው ትንሽ መስኮት «-2» የሚል ቁጥር ይታያል።

ለሀይረዲን ነገሩ ቀላል ነበር። ትራንስፖዝ የሚባለውን ቁልፍ ሁለቴ ወደ ታች ሲጫን ኪቦርዱ በሙሉ ዝቅ አለለት። ጣቶቹ የለመዱበት ቦታ ላይ ናቸው፣ ድምፁ ብቻ ወርዷል። ቤዝ እንዲህ ዓይነት ቁልፍ የለውም። የዘፈኑ ዝቅተኛ ድምፅ የሚወጣው ወፍራሙን ክር ባዶውን ሲመቱት ነው፤ ከዚያ በታች ጣት የሚያርፍበት ፍሬት የለም። ሁለት ፍሬት ልውረድ ያለ ሰው አራቱንም ክሮች አላልቶ እንደ አዲስ መቃኘት አለበት።

«ገጠመ» አለ ሀይረዲን። «ሉቄ፣ እስቲ ሞክራት።»

ሉቃስ የኪነት ክበቡን በር አየና ዘፈነ። ትናንት የተሰነጠቀባት ቦታ ላይ ሲደርስ ዓይኑን ጨፈነ። ድምፁ አለፈ። ትንሽ ሻክሯል እንጂ አልተሰነጠቀም።

«ነቢ፣ ሕይወቴን ነው ያተረፍከው!»

«ለጋሽ ተሰማ ግን ማንም ትንፍሽ እንዳይል» አለ ሀይረዲን።

«ነቢ አይናገርም» አለ ሉቃስ። «የኔ ጀለስ እኮ ነው።»

ነቢዩ ወፍራሙን ክር ደግሞ መታው። ይህንን ውለታ ለምን እሺ እንዳለ ራሱም አያውቀውም። ሉቃስ ሲለምን ሰው እሺ ይላል፤ ችግሩ እሱ ነበር።

አምና ይህን ዘፈን የሚዘፍነው ነቢዩ ነበር። የክበቡ ኃላፊ ጋሽ ተሰማ በወጣትነታቸው የጻፉት ነው። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የማታ ፈረቃ የምትወጣ ልጅን በር ላይ ቆሞ ስለሚጠብቅ ወንድ ይናገራል። የዘንድሮው የክፍለ ከተማ ውድድር መሪ ቃል «የሥራ ባህል» ስለሆነ፣ ልጅቷም ሁልጊዜ ሥራ ላይ ስለሆነች፣ ዘፈኑ ያለ ምንም ክርክር አለፈ።

አምና ልምምድ ላይ «ማታ ማታ» የምትለው ቦታ ላይ የነቢዩ ድምፅ ለሁለት ተሰነጠቀ። አንዱ ወደ ጣሪያው ወጣ፣ ሌላው ወደ ወለሉ ወረደ። መጀመሪያ ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ ሳቁ መጣ። ሀይረዲን ከወንበር ወደቀ፤ በእውነት ነው የወደቀው። ጋሽ ተሰማ ግን አልሳቁም። የኪነቱን አሮጌ ቤዝ ከቁም ሳጥን አውጥተው ነቢዩ ትከሻ ላይ አንጠለጠሉና «አንተ ረጋ ያልክ ልጅ ነህ፤ ይሄ ይስማማሃል» አሉት። በሳምንቱ ከሳሪስ አቦ ሉቃስ የሚባል ልጅ መጣ። የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምር ነው።

ያን ጊዜ ለነቢዩ ክር የሚያላላ አልነበረም። «ሁለት ፍሬት እንውረድለት» ያለ የለም። ሀሳቡ ለማንም አልመጣም፤ ለራሱም ቢሆን። የመጣለት ገና አሁን፣ ለሉቃስ ሲያላላ ነው። ከዚያ ወዲህ ሀሳቡ ደረቱ ላይ ተቀምጦ አልነሳም ብሏል።

ቤትም እረፍት የለም። እናቱ አማረች ልብስ ስታጥብ የምታንጎራጉረው ያንኑ ዘፈን ነው፤ ያውም ሉቃስ ድምፁን በሚያጥፍበት ስልት። በገና ዕለት ሉቃስ እንኳን አደረሳችሁ ሊል ሲመጣ ሙሉ እንቁላል ደረሰው። ለነቢዩ ግማሽ።

«ድምፅ ጉልበት ይፈልጋል» አለች እናቱ።

«ቤዝም እኮ ጉልበት ይፈልጋል፣ እማ።»

«ቤዝ የቱ ነው? ያ ዱም ዱም የሚለው?»

«አዎ።»

«እሱ በጆሮዬ ይሰማኛል መሰለህ? ሆዴ ውስጥ ነው የሚገባው» አለችና ለሉቃስ መረቅ ጨመረችለት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቃሊቲ ያለው የክፍለ ከተማው አዳራሽ ጢም ብሎ ነበር። ጋሽ ተሰማ ኮታቸውን ለብሰው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ፋብሪካ ውስጥ የሽመና ማሽን አጠገብ የኖሩ ሰው ስለሆኑ ጆሯቸው ትልልቅ ስህተት እንጂ ትንንሹን አይሰማም። ዘፈኑ ሁለት ፍሬት መውረዱንም አላወቁም። ቢያውቁ ምክንያቱን ይጠይቃሉ፤ ምክንያቱን ቢሰሙ ማይኩን ለነቢዩ ይሰጡታል። ከአንድ ወር በፊት በሁሉም ፊት ተናግረውታል፤ «ሉቃስ አንድ ነገር ቢሆን ነቢዩ አለ። የሱ ድምፅ አሁን ረግቷል።»

ነቢዩ ይህችን አባባል ብዙ ጊዜ ለብቻው ደጋግሟታል። «ቢሆን» የምትለው ላይ ትንሽ ይቆማል።

መድረክ ላይ ወጥተው ገመዶቹን ሰካኩ። ሦስት ናቸው፤ ከበሮው ከኪቦርዱ ውስጥ ስለሚወጣ ከበሮ መቺ የላቸውም። ሀይረዲን ትራንስፖዙን ወደ «-2» አወረደ። ነቢዩ ክሮቹን አመሳከረ፣ ገጠሙ። ሉቃስ ማይኩን ሲጨብጥ መብራት ጠፋ።

አዳራሹ በአንድ ድምፅ «ኧረ!» አለ። መብራት በፈረቃ የሚሰጥበት ዓመት ነበርና ማንም አልደነገጠም። ዛሬ የቃሊቲ ተራ እንዳልሆነ የሚያውቁ ሰዎች ግን በጣም ተናደዱ። አንዱ ስለ ጄነሬተሩ ጠየቀ። አለ ተባለ፤ ናፍጣው ነው የሌለው። ሰዉ በመስኮቶቹ ብርሃን ወሬውን ቀጠለ፣ ቆሎ የያዘ ቆሎውን አወጣ።

መብራቱ ሲመለስ የፕሮግራም መሪው ሮጦ ወጣ። «ቶሎ ቶሎ! ተመልሶ ሳይጠፋ!»

ሀይረዲን ኪቦርዱን አበራና አንድ ቁልፍ ነካ። ነቢዩ ወፍራሙን ክር መታ። ሁለቱ ድምፆች እንደተጣሉ ጎረቤታሞች ሆኑ።

«ነቢ፣ ቤዝህ ወርዷል» አለ ሀይረዲን። «ቶሎ ቃኘው። ይኸው ድምፁ።»

ነቢዩ ኪቦርዱን አየ። ትንሿ መስኮት ላይ «0» ተጽፏል።

ወዲያው ገባው። መብራት ሲጠፋ ኪቦርዱ ቁጥሩን ረስቷል፤ ሲበራ ከመጀመሪያው ቦታ ተነሳ። የቤዙ ክሮች ግን መብራት ጠፋ አልጠፋ ደንታቸው አይደለም፤ ባላላቸው ቦታ ናቸው። ሀይረዲን የሚያየው ሕዝቡን ነው። ሉቃስ የሚያየው ሀይረዲንን ነው። መስኮቷን ያየ አንድ ሰው ብቻ ነው።

የክበቡ ደንብ ደግሞ ግልጽ ነው። ጋሽ ተሰማ ሁልጊዜ እንደሚሉት «ሰው ይሳሳታል፣ ኪቦርድ አይሳሳትም፤ ሁላችሁም ለሱ ተቃኙ»። ነቢዩ ደንቡን አከበረ። ቀጭኑን ክር ወጠረ። ድምፁ ወጣ፣ ወጣ፣ ከኪቦርዱ ጋር ገጠመ። ሁለተኛውን ወጠረ።  ማንም አይጠይቀውም። ቃኘው ተባለ፣ ቃኘ። ሉቃስ በድሮው ከፍታ ይጀምራል፣ «ማታ ማታ» ላይ ይደርሳል፣ ሌላው በራሱ ይሆናል። እያንዳንዱ ክበብ የሚዘፍነው ሁለት ዘፈን ነው። ሁለተኛውን የሚዘፍን ሰው ያስፈልጋል።

ሦስተኛውን ክር ወጠረ።

«ቶሎ በላ አቦ!» አለ ሉቃስ በጥርሱ መካከል። «ክር ለማስተካከል ይሄን ያህል?»

ነቢዩ ደስ አለው። ሉቃስ ቢለምነው ነገሩ ይከብድ ነበር፤ ሲያመናጭቀው ግን ቀለለው። ጣቱን ወፍራሙ ክር መቃኛ ላይ አሳረፈ። ከመወጠሩ በፊት፣ የተወጠሩት ክሮች መግጠማቸውን ለማረጋገጥ፣ ሦስቱን አንድ በአንድ ነካካቸው።

ገጥመዋል። የድሮው ከፍታ ነበር፣ አምና የዘፈነበት።  «ማታ» የምትለዋ ቃል የት እንደምትወድቅ፣ ከመውደቋ በፊት አየሩ እንዴት እንደሚያልቅ፣ ከዚያም ያቺ ጸጥታ ምን ያህል እንደምትረዝም ከሉቃስ ይልቅ እሱ ያውቃል። ያን ቀን በክፍሉ ውስጥ አምስት ስድስት ሰው ነበር። አዳራሹን አየ። ኮሪደሩ ላይ የቆሙም አሉ።

ሉቃስ ምራቁን ዋጠ። ማይኩን የያዘበት እጅ ላብ ስላለው ሱሪው ላይ ጠረገው፣ ደግሞ ጠረገው።

ነቢዩ መቃኛውን ለቀቀው።

«ሀይሬ።»

«ምን?»

«መስኮቱን እየው።»

ሀይረዲን አየ። ፊቱ ቀለሙን ቀየረ። «ወይኔ! ወይኔ ልጁ! ዜሮ ላይ ነው እኮ!»

«አትጩህ። አውርደውና ድምፁን ስጠኝ።»

«አንተስ ወጥረኸው የለ?»

«አላላዋለሁ።»

ሀይረዲን ሁለቴ ተጫነ፤ ለእሱ አሁንም ሥራው ይኸው ነበር። ነቢዩ ግን ሦስት ክር ይጠብቀዋል፣ ያውም ሰው እያየው። ከኋላ ፉጨት ተጀመረ። «ጊታሩ ለሚቀጥለው ዓመት ይደርሳል!» አለ አንዱ፣ ሰዉ ሳቀ። የፕሮግራም መሪው ሰዓቱን በጣቱ መታ መታ አደረገ። ጋሽ ተሰማ ከፊት ወንበር እጃቸውን ዘርግተው «ምንድነው?» በሚል አኳኋን አገላበጡት።

ነቢዩ ከሉቃስ እጅ ማይኩን ወሰደ። «ይቅርታ፣ የኔ ጊታር ነው» አለ። «ክሩ ተበላሽቶብኝ ነው። ትንሽ ይታገሱን።»

ድምፁ ወፍራምና ሙሉ ሆኖ አዳራሹን ዞረ። ማንም ልብ አላለውም፤ በፉጨት ላይ ነበሩ። ማይኩን መለሰ።

«ምን ሆነሃል?» አለ ሉቃስ። «ምንድነው የተበላሸው?»

«ምንም። ዞር በል፣ ብርሃን ከለከልከኝ።»

ሉቃስ ዞር አለ። ነቢዩ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ወደ ጊታሩ አስጠጋ። ፉጨቱ መሀል የኪቦርዱን ድምፅ ፈልጎ አገኘው፣ ቀጭኑን ክር ያዘና ማላላት ጀመረ፤ ሳይቸኩል።