ዝም ያለው መሣሪያ

አስላክ ሥራ የጀመረ ዕለት የገዛውን አሳ ሺርስቲ መሣሪያ ብርድ ይችል እንደሆነ የምትፈትሽበት ማቀዝቀዣ ውስጥ ከተተው።

«አንተ! ይሄ እኮ የወጥ ቤት ፍሪጅ አይደለም!» ብላ ጮኸችበት።

«ይቅርታ... ለእራት ነበር። ለሁለት ሰው ይበቃል፤» አላት ፊቱ ቀልቶ።

ሳቋ አመለጣት። አሳውን አብረው በሉት።

ከትሮምሶ ከተማ ራቅ ባለች የተራራ ሥር መንደር፣ እሷ የበረዶ ናዳ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ንድፍ ትሠራለች፤ እሱ መሣሪያውን ተራራው ላይ ይተክላል። መሣሪያው በባትሪ እየሠራ፣ በረዶው ሊናድ ሲል በሬዲዮ መንደሩን ያስጠነቅቃል። የባትሪው ኃይል ከፍ ዝቅ ሳይል እንዲደርሰው የሚያደርገው የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ የሺርስቲ ሥራ ነው። ትኮራበታለች።

ብርዱ ሲከፋ መሣሪያው ዝም አለ።

«መቆጣጠሪያሽ ይሆን እንዴ?» አላት አስላክ በቀስታ።

«የእኔ ሥራ እንከን የለውም! አንተ በደንብ ሳትተክለው ቀርተህ ነው!»

በማግስቱ ጠዋት የበረዶ መንሸራተቻውን አንስቶ መሣሪያውን ሊያይ ብቻውን ወደ ተራራው ወጣ።

ሺርስቲን የወረወረችው ቃል ቆጠቆጣት። ሌላ ተመሳሳይ መሣሪያ ማቀዝቀዣው ውስጥ ከታ ጠበቀች። ብርዱ ባትሪውን አደከመው። ሬዲዮው መልእክት ሊልክ ብዙ ኃይል በአንዴ ሲስብ ቮልቴጁ ወረደ፤ መቆጣጠሪያውም ሊደግፈው አልቻለም። መሣሪያው ጠፋ። ደገመችው። ጠፋ!

ቀና ብላ በመስኮት አየች። ውጭ አየሩ በድንገት ሞቆ ዝናብ ጀምሯል። እንዲህ ያለ ቀን በረዶው እንደማይታመን የመንደሩ ሕፃን እንኳ ያውቃል። የመገናኛ ሬዲዮውን አፈፍ አደረገች።

«አስላክ! አሁኑኑ ውረድ!»

«ልደርስ ትንሽ ቀርቶኛል። አተካከሌ ከሆነ አስተካክዬው እመጣለሁ።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው! መቆጣጠሪያው ነው!»

«እንድመለስልሽ ብለሽ ነው እንዲህ የምትዪው...»

«አይደለም! ፈተሽኩት እኮ! እባክህ... እወድሃለሁ!»

አስባ አልነበረም፤ እንዲሁ ከአፏ ወጣ።

«...መጣሁ፤» አላት።

ወዲያው ተራራው አጉረመረመ። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ሮጣ ስትወጣ አስላክ የሄደበት መንገድ በበረዶ ተውጧል።

«አስላክ! አስላክ!»

ድምፅ የለም። እየወደቀች እየተነሳች ዳገቱን ስትያያዘው፣ ከዛፎቹ መሀል አንድ ሰው እያነከሰ ብቅ አለ።

«ስትጠሪኝ ወደ ጫካው ባልታጠፍ ኖሮ አልቆልኝ ነበር። ናዳው መንሸራተቻዬን ወሰደብኝ፤» አላት። «ያልሽውን ግን ሰምቻለሁ። እስቲ ፊት ለፊት ድገሚው።»

እያለቀሰች ደገመችለት።

«እኔም እወድሻለሁ፤ ግን አትጩኺብኝ!» አላት።

ሺርስቲ ንድፉን እንደ አዲስ ሠራችው። አዲሱ መቆጣጠሪያ ባትሪው ሲደክም ቮልቴጁን ከፍ አድርጎ ይይዛል፤ ሬዲዮው ለሚፈልገው ኃይልም መጠባበቂያ አበጀችለት። በጋ ላይ አብረው ተከሉት፤ በዚያው ሰሞን ተጋቡ።

በቀጣዩ የብርድ ወቅት መሣሪያው በጊዜ አስጠነቀቀ። የመንደሩ ሰዎችም ከተራራው ሥር ያለውን መንገድ ዘጉ። በረዶው ሲናድ በመንገዱ ላይ አንድም ሰው አልነበረም። ሺርስቲ በመስኮት እያየች የባሏን እጅ ጭምቅ አድርጋ ያዘች።