ለአንድ ሰው የተለካ ባትሪ

ይህ የፈጠራ ወሬ አይደለም። እዚሁ አሰላ፣ በእኛ ሰፈር የሆነ ነው። አስያ ራሷ አጠገቤ ተቀምጣ እያለቀሰች ነው የነገረችኝ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ?

ጊዜው ነሐሴ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። የጭላሎ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ቀኑ ደንግዟል፤ መብራት ከጠዋት ጀምሮ ሄዷል።

የአስያ አባት አባባ ሀሰኖ ሳንባቸው ደክሞ በኦክስጅን ማሽን ነበር የሚተነፍሱት። መብራት ሲሄድ ማሽኑ እንዳይቆምባቸው ብላ ነው ሶላር ያስገጠመችው።

ባትሪ ሲመርጡ ገጣሚው ኢብሳ፣ "አራት ይሁን" ብሏት ነበር።

"ለአንድ ሰው ትንፋሽ? ሁለት ይበቃል።"

"ለማሽኑ ብቻ ከሆነ... እስከ ማታ ያደርሳል" አላት።

ያን ቀን ግን ገና በዘጠኝ ሰዓት ኃይሉን ከባትሪው ወደ ማሽኑ የሚያደርሰው ኢንቨርተር መጮህ ጀመረ።

ቢፕ... ቢፕ...

አስያ ስክሪኑን አየች። ማሽኑ ከሚስበው እጥፍ ኃይል እየሄደ ነው።

አምፖሉን አጠፋች። የስልክ ቻርጀሩን ነቀለች።

አሁንም እጥፍ።

ጎረቤት መስመር ስቦብኝ ይሆናል ብላ ኢብሳን ጠራችው። በዝናብ እየሮጠ መጣ። መስመሩን አንድ በአንድ ፈታው፤ ወደ አባቷ አልጋ የሚሄደው ብቻ ቀረ።

አሁንም እጥፍ...

የኢብሳ ፊት ተለዋወጠ።

"አስያ..." አለ በሹክሹክታ። "አባባ ጋ ሰው አለ እንዴ?"

"ማንም የለም።"

"ስሚ እስቲ..."

ከመኝታ ቤቱ ሁለት ትንፋሽ ይሰማል። አንዱ ቀጭን፣ የአባቷ። ሌላው ወፍራም... ረጅም።

ሮጣ ገባች። አባቷ ብቻቸውን ናቸው። ግን የአልጋውን ግማሽ ለቀው ግድግዳው ላይ ተለጥፈዋል። ከንፈራቸው ጠቁሯል።

"አባ! ምን ሆኑብኝ?"

"ተይው ልጄ..." አሉ በጭንቅ። "እሱም አየር አጥሮት ነው የመጣው..."

"ማን?"

አባቷ ይበልጥ ወደ ግድግዳው ተጠጉ።

ማሽኑን ብትነቅለው አባቷ ይሞታሉ። ብትተወው ባትሪው እያለቀ ነው። የሰው ልጅ እንዲህ ይጨንቀዋል? እጃቸውን ይዛ "አይዞዎት" ከማለት በቀር ምንም አልቻለችም።

ኢንቨርተሩ አንዴ ረጅም ጮኸና ጠፋ። ማሽኑም ቆመ።

አባባ ሀሰኖ አየር ሳቡ... አልመለሱትም።

"ያ ረቢ..." አለ ኢብሳ። ዓይናቸውን ሊከድን እጁን ዘረጋ። እጁ ግን መሃል ላይ ቀረ።

ከጎናቸው ባዶው ቦታ ላይ፣ ብርድ ልብሱ ቀስ ብሎ ከፍ አለ...

ዝቅ አለ...

ከፍ አለ።