ክር ያልነከሰ አፍ

ተክ... ተክ... ተክ።

ከዚያ ዝም።

ከዚያ ደግሞ ረጅም፣ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ... ተክተክተክተክተክ...

መጀመሪያ የሰማሁት ይህን ነው። የሱቁን በር ገና አልከፈትኩም። ጓጉንቸሩ እጄ ላይ ነው። ድምፁ ከውስጥ ነው የሚመጣው።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር። ፀሐይ ወጥታለች፣ መንገዱ በሰው ሞልቷል። ስለዚህ ጨለማ አሳስቶህ ነው፣ እንቅልፍህን አልጨረስክም እንዳትሉኝ። በራሴ የደረሰ ነው፤ አንዲት ቃል አልጨመርኩበትም።

"ታሪኩን በድምፅ ቀድተህ ላክልን" እያላችሁ የከረማችሁም አትቀየሙኝ። እኔ በጽሑፍ ብቻ ነው የምችለው። ለምን እንደሆነ ስትጨርሱት ይገባችኋል።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቃችን ጠባብ ናት። ከፊት መስታወትና የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ከኋላ ሁለት በእግር የሚረገጡ የስፌት መኪናዎች። አንዱ የኔ፣ ሌላው የጋሼ።

ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። አስራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ አባቴ ሲሞት መቀስ ያስጨበጡኝ እሳቸው ናቸው። እኔ ትምህርት ቤት በመስኮት ደመና ሳይ ያለቀብኝ ልጅ ነኝ። ሌላው ሰው ፈዛዛ ይለኛል። ጋሼ ግን "ደመና ማየትም ልክ መውሰድ ነው" ብለው ያልፉኝ ነበር።

ቀኝ ጉልበታቸው ያማቸዋል። ሦስቴ ረግጠው ያርፋሉ፤ ከዚያ ይለቁታል። ተክ፣ ተክ፣ ተክ። ዝም። ከዚያ ረጅም። እንደዚያ የሚሰፋ ሌላ ሰው አላውቅም።

በሩን ከፈትኩት።

ማንም የለም። የጋሼ መኪና ትናንት ማታ እንደሸፈኑት ጨርቁን ለብሶ ቆሟል።

"ጆሮዬ ነው" አልኩ።

ምክንያቱም ጋሼን "ዛሬ ቤት ይዋሉ" ያልኳቸው እኔው ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከፊታችን የተሰፋ ልብስ የሚሸጥ ትልቅ ሱቅ ከተከፈተ ወዲህ ደጃችንን የሚረግጥ ጠፋ። ሰው መጥቶ የሚጠይቀን ሱሪ እንድናሳጥርለት ነው፤ እሱንም ከዚያ ማዶ ገዝቶት። እኔም ማስታወቂያ እናሠራ አልኩና አንድ ቪዲዮ ቀራጭ አነጋገርኩ። ሰፈር ውስጥ "አንዴ ብቻ" ነው የሚባለው። "አንዴ ብቻ" እያለ አስር ጊዜ ስለሚያስደግም።

"ሽማግሌው ባይታዩ ይሻላል" አለኝ።

"ቤቱ እኮ የሳቸው ነው።"

"ይሁና። ሰው የሚወደው ግን ከባዶ የተነሳ ወጣት ነው። የጀመርከው አንተ ነህ፣ በቃ። ማን ሊጠይቅህ?"

ዝም አልኩ። የኔ ዝምታ እሺታ ነው፤ እሱም ገብቶታል።

ለጋሼ የነገርኳቸው ከቀረጻው በፊት ባለው ቀን፣ ምሳ ላይ ነው።

"ጋሼ፣ ነገ ቤት ቢያርፉስ? ለጉልበትዎም..."

"ጉልበቴ ነው የከለከለኝ?"

እንጀራዬን መቁረስ ያዝኩ።

"ምን ልትል ነው ቪዲዮው ላይ?"

"ስለ ሥራው።"

"ስለኔስ?"

"አንድ ደቂቃ ብቻ እኮ ነው፣ ጋሼ።"

ትንሽ ሳቁ። "እውነትህን ነው። ሠላሳ ዓመት አንድ ደቂቃ ውስጥ አይገባም።"

ተነስተው ጥቁር ኮታቸውን አመጡና ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉት። በገዛ እጃቸው የሰፉት፣ ለሰርግና ለለቅሶ ብቻ የሚለብሱት ኮት ነው።

"እኔ ካልገባሁ እሱ ይግባ" አሉ። "ሁለተኛው ቁልፍ ላልቷል። ከወደቀ አውልቀህ ስፋው። ላይህ ላይ እንዳትሰፋው።"

"እሺ።"

"የግድ ከሆነም ክር ንከስ።"

ይህ የቤታችን ሕግ ነው። ሰው በለበሰው ልብስ ላይ መርፌ አይነካም፤ እንደ ለበሰ የሚሰፋለት ሬሳ ብቻ ነው ይላሉ ጋሼ። ግድ ሲሆን ለባሹ ቁራጭ ክር በጥርሱ ይይዛል፣ ስፌቱ እስኪያልቅ። አንድ የተከበሩ ዳኛ እንደ ሕፃን ክር ነክሰው መስታወቱ ፊት ሲቆሙ በዓይኔ አይቻለሁ።

"ለምንድን ነው?" ብዬ ጠይቄያቸው ነበር፣ ድሮ።

"መርፌ የሚይዘው ጨርቅ ብቻ ይመስልሃል?" ነው ያሉኝ።

ቀራጩ ሦስት ሰዓት ላይ ደረሰ። የማይኩን ሽቦ በሸሚዜ ውስጥ አሳልፎ በለበስኩት የጋሼ ኮት ስር በፕላስተር ለጠፈው። መስታወቱን ዞር፣ ጠረጴዛውን ጠጋ፣ እኔን ደግሞ ወዲህ ወዲያ።

"ቁም ነገረኛ ሁን እንጂ። ደመና የምታይ ነው የምትመስለው።"

ቀና ስል... ጠቅ።

ሁለተኛው ቁልፍ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ተንከባልሎ ተንከባልሎ የጋሼ መኪና እግር ስር ሲደርስ ቆመ።

"ላውልቀውና ልስፋው" አልኩ።

"አበድክ? ሽቦውን እንደገና ልለጥፍ ነው? ጥሩው የጠዋት ብርሃን ደግሞ እያለፈ ነው። እዚያው ላይህ ላይ ስፋው። እንዲያውም ልቅረጽህ፤ የራሱን ቁልፍ የሚሰፋ ሰፊ። ቆንጆ ነው።"

መርፌ አነሳሁ። ከዚያ ቁራጭ ክር ቆርጬ ወደ አፌ ሳስጠጋ...

"ምንድን ነው እሱ? አውጣው። አፍህን አታበላሽብኝ። ፈገግ በል።"

አወጣሁት።

ፈገግ እያልኩ ሰፋሁ። አራት ጊዜ አሳለፍኩት፣ ጠመጠምኩት፣ ቋጠርኩት፣ በመቀስ ቆረጥኩት። ክሩን የቆረጥኩት ራሴ ነኝ። ይህን አስታውሱልኝ።

ከኋላዬ... ተክ።

ቀራጩ አልሰማም። "በል ተናገር። አንዴ ብቻ።"

"ይህን ቤት ከባዶ የጀመርኩት እኔ ነኝ" አልኩ። ጮክ ብዬ፣ ጥርት አድርጌ ነው ያልኩት።

ካሜራውን አየት አደረገና "ለምን አትናገርም?" አለ።

"ተናገርኩ እኮ።"

ጠራኝና በትንሿ ስክሪን አሳየኝ።

ቆሜያለሁ። ፈገግ ብያለሁ። አፌ ግን ግጥም ብሏል። ገና ስፌቱ እንዳልተፈታ የአዲስ ኮት ኪስ።

"ከመናገሬ በፊት ነው ያቆምከው" አልኩት።

"ይሆናል። አንዴ ብቻ።"

ደገምን። ሦስቴ ደገምን። በጆሮዬ ድምፄን እሰማለሁ፤ ስክሪኑ ላይ ግን ያው ነው።

ቀራጩ የጆሮ ማዳመጫውን አጠለቀ። ፊቱ ተለወጠ።

"ያንን ማሽን አጥፋው" አለ ዝቅ ብሎ።

"የእግር ነው። የሚጠፋ ነገር የለውም።"

"ታዲያ ማነው የሚሰፋው?"

ዞር አልኩ። የጋሼ መኪና ቆሟል። ግን ጨርቁ ወልቋል። በአራት ታጥፎ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ጋሼ ሥራ ሲጀምሩ እንደሚያጥፉት።

እኔ አልነካሁትም። እሱም አልነካውም።

"አንዴ ብቻ..." አለ፣ አሁን ግን ድምፁ ልመና ይመስል ነበር። እንደገና ቆምኩ። ዓይኑን ካሜራው ላይ እንደተከለ እጁን አነሳና አስቆመኝ።

"ከኋላህ ያሉት ማናቸው?"

"የት?"

"ወንበሩ ላይ። አሁን ቀና አሉ። አንተን ነው የሚያዩት።" ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። "ሽማግሌው አጎትህ አይደሉም?"

አልዞርኩም። መዞር ነበረብኝ። አንድ ቃል መናገር ነበረብኝ፤ አዎ፣ አጎቴ ናቸው፣ ቤቱም የሳቸው ነው ማለት። የመጣልኝ ግን ቪዲዮው እንዳይበላሽ ነው።

"አላውቃቸውም" አልኩ።

ስዞር ወንበሩ ባዶ ነው። ጨርቁ ብቻ መሃሉ ጎድጉዷል።

ቀራጩ የመጨረሻውን ቅጂ ከፍቶ አዳመጠ፤ ከዚያ ማዳመጫውን ያለ ቃል ወደኔ ዘረጋው። ጆሮዬ ላይ አደረግኩት። የመኪናው ድምፅ፣ ብቻውን። ከመሃሉ የኔ ድምፅ፣ አንዴ ብቻ፣ ጥርት ብሎ...

"አላውቃቸውም።"

ቀኑን ሙሉ ከለፈለፍኩት የተቀዳው ይህ ብቻ ነው።

ቤት የደረስኩት ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ ነው። እናቴ በረንዳው ላይ ጠበቀችኝ።

"ወንድሜን ምን አድርገኸዋል?" አለች በሹክሹክታ።

"እንዴት?"

"ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ክር ነክሶ ተቀምጧል። ምሳ አልበላም፣ ውሃ አልቀመሰም። 'ምንድን ነው?' ብለው 'ልጁ ረስቷል' አለኝ በጥርሱ መሃል። ምኑን ነው የረሳኸው?"

ገባሁ።

ጋሼ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ጥቁር ክር ከጥርሳቸው መሃል ወጥቶ አገጫቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ቀኝ እግራቸው ባዶውን ወለል ይረግጣል። ሦስቴ። ያርፋል። ከዚያ ረጅም።

ለኔ ነበር የነከሱልኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። እኔ ያልነከስኩትን።

"ስሜን... ጠራህ?" አሉኝ፣ ጥርሳቸውን ሳይከፍቱ።

ያኔ እንኳ እውነቱን ብናገር ይቅር ይሉኝ ነበር። ፊታቸው ላይ አየሁት። ሊሉኝ ተዘጋጅተው ነበር።

"ጠራሁዎት፣ ጋሼ" አልኩ። "መጀመሪያ ላይ ነው የጠራሁዎት።"

እግራቸው ቆመ።

አልተቆጡም። ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አደረጉ፣ ማሰሪያውን ቀስ ብለው አሰሩ። ዱላቸውን ሳያነሱ አለፉኝ። ጉልበታቸው የማያማቸው ይመስል ነበር።

ያኔ ነው ደረቴ ላይ ሳብ ሲያደርገኝ ወደታች ያየሁት።

ክሩ ገና ካላወለቅኩት ኮት ሁለተኛ ቁልፍ ነው የሚወጣው። በመቀስ ከቆረጥኩት። ሌላው ጫፉ በጋሼ ጥርስ መሃል ነው። እሳቸው በራመዱ ቁጥር እየተተረተረ ይከተላቸዋል፤ በበሩ ወጣ፣ በግቢው አለፈ፣ ወደ መንገዱ።

"ጥራው እንጂ" አለች እናቴ። "ወዴት ነው የሚሄደው? ምን ሆነሃል? ጥራው።"

አፌን ከፈትኩ።

የከፈትኩ መሰለኝ። ከንፈሮቼ ግን እንደ ተሰፋ ኪስ አልላቀቅ አሉ።

እናቴ ፊቴን አየችና አፏን በእጇ ያዘች።

ጋሼ መንገዱ ጥግ ላይ ሲደርሱ ታጠፉ። ወደኋላ አላዩም።

ደረቴ ላይ ያለው ክር ግን... እየተሳበ... እየተሳበ...