በሲባጎ የታሰረ ስም

«እንደገና» አለች ልጅቷ።

እናቷ ከምግብ ጠረጴዛው ጀርባ ቀጥ ብላ ቆመች። ጠረጴዛው ለጊዜው የሆቴል እንግዳ መቀበያ ሆኗል። የውሃው ጆግ ስልክ ነው፤ የሒሳብ ደብተሩ የእንግዶች መዝገብ ነው። እናት ትንፋሿን ሰብስባ፣ ከንፈሯን አሹላ፣ በአፍንጫዋ «ሪዘርቬሽን» አለች።

«‹ር›ን ዋጥ አድርጊያት፣ እማዬ። ብዙ እንዳትሰማ።»

«ከዋጥኳትማ ምኑ ቀረ?»

«እሱ እኮ ነው የሚያምረው።»

እናት ዋጠቻት። ምራቋም አብሮ ገባና ትን አላት። አምፖል ሊቀይር ወንበር ላይ የወጣው አጎት፣ የእናት ታናሽ ወንድም፣ ከላይ ሆኖ ቁልቁል አያት።

«እትዬ፣ ጥርስሽን ነው የሚያምሽ?»

«እየተማርኩ ነው። አርፈህ ሥራህን ሥራ።»

«አጎቴ፣ አትረብሻት» አለች ልጅቷ። «ይልቅ የግድግዳ ሰዓቱ ባትሪ አልቋል።» ባትሪን ያለችው በትምህርት ቤት እንደምትለው፣ የቃሉን ፊት አስፍታ ኋላውን አለስልሳ ነው።

«ምን አልቋል?»

ደገመችለት።

«እሱን አላውቀውም» አለ አጎት። «ባትሪ ከሆነ ግን ኪሴ ውስጥ አለ።»

እናት ሳቀች። ልጅቷ አልሳቀችም።

ነገሩ የሚያስቅ አልነበረም። እናት በሆቴሉ ምድር ቤት የእንግዶችን ልብስ ማጠብ ከጀመረች አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። በረኪናው ጣቶቿን ሰነጣጥቋቸዋል። ሐኪሙም «ወይ ሥራውን ወይ እጅሽን ምረጪ» ብሏታል። አሁን እንግዳ መቀበያው ላይ አንድ ክፍት ቦታ ወጥቷል። ፈተናው ዓርብ ጠዋት ነው። ተፈታኙ በውጭ ቋንቋ እንግዳ ይቀበላል፤ ከዚያ የእንግዶችን ስም ከመዝገብ እያነበበ ይጠራል። ካለፈች ወደ ላይ ትወጣለች። ከወደቀች ተመልሳ ወደ በረኪናው ነው።

ቋንቋውን ከእንግዶቹ ጋር እየተነጋገረች ለምዳዋለች። የምትፈራው አነጋገሯን ነው። ለዚህ ደግሞ ከልጇ የተሻለ አስተማሪ አልታያትም። ልጅቷ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ከፊልም የለቀመችው አነጋገር በትምህርት ቤት ቅጽል ስም አትርፎላታል፤ «ዜና አንባቢዋ» ይሏታል። ግማሹ ሲያደንቅ ነው፣ ግማሹ ሲያላግጥ። እሷ የምትሰማው የሚያደንቁትን ብቻ ነው። የራሷን ስም እንኳ መጨረሻውን ቆርጣ፣ የቀረውን አለስልሳ፣ የፈረንጅ አስመስላዋለች። በቦርሳዋ ላይም በነጭ ቀለም ጽፋዋለች። እናት መጀመሪያ ያየችው ቀን «የማንን ቦርሳ ይዘሽ መጣሽ?» ብላ ነበር።

ሐሙስ ከትምህርት ስትመለስ የእናቷን መነጽር ጠረጴዛው ላይ አገኘችው። ያለ መነጽር የልብስ ምልክት አይነበብም። ይዛላት ወደ ሆቴሉ ሄደች፤ በጓሮ በር ገብታ ወደ ምድር ቤት ወረደች።

ክፍሉ ይሞቃል። ሦስት ትልልቅ ማሽኖች ይንቀጠቀጣሉ። በካውያው ጠረጴዛ አጠገብ፣ ግድግዳው ላይ፣ በተርታ ምስማሮች ተመተዋል። በምስማሮቹ ላይ በሲባጎ የታሰሩ ቁራጭ ካርቶኖች እንደ በቆሎ ተንጠልጥለዋል።

«ምንድን ናቸው?» አለች ልጅቷ።

«የእንግዶች ስም ነው። ከልብሱ ጋር የማስረው።» እናት መነጽሯን አጠለቀች። «ሄደው የሚመለሱ አሉ። ሲመለሱ ደግሜ እንዳልጠይቃቸው አስቀምጠዋለሁ።»

ልጅቷ አንዱን ገለበጠች። ስሙ የተጻፈው በራሳችን ፊደል ነው። አንዱ ሆሄ ተሰርዞ ከላዩ ሌላ ተተክቷል።

በሩ ተከፈተ። ከላይ ከእንግዳ መቀበያ፣ ክራባት ያሰረ ወጣት ገባ። ከኋላው ሸምገል ያለ፣ ኮት ያልለበሰ የውጭ እንግዳ ተከትሎታል። ኮቱ ከሌላ ሰው ልብስ ጋር ተቀላቅሎበት፣ አውሮፕላን ሊያመልጠው ነው። ወጣቱ እጁን ወደ እንግዳው ዘርግቶ ስሙን ጠራ። ምላሱን አጣጥፎ፣ በአፍንጫው አሳልፎ፣ አሳምሮ ጠራ። ልጅቷ በልቧ «ጎበዝ» አለች፤ ልክ እሷ እንደምታደርገው ነው።

እንግዳው ሌላ ሰው የተጠራ መስሎት ወደ ኋላው ዞሮ አየ።

ወጣቱ አሁንም ጠራ፤ ይባስ አሳመረው። እንግዳው ሰዓቱን አየ።

እናት እጇን በሽርጧ ጠረገችና ቀረብ አለች። በውጭ ቋንቋ፣ በዚያ ልብስ ስታጣጥፍ በምታንጎራጉርበት ድምፅዋ፣ «ስምዎን እርስዎ እንዴት ነው የሚሉት?» አለችው።

እንግዳው ነገራት። ካርቶን አነሳች፣ ጻፈች፣ አነበበችለት። ራሱን ነቀነቀና አንዱን ቦታ አረመላት። ሰረዘች፣ ጻፈች፣ ደግማ አነበበች። ‹ር›ዋ የራሷ ‹ር› ነበረች፤ ያልተዋጠች። ከንፈሯ አልሾለም። ስሙ ግን ስም ሆኖ ወጣ።

የእንግዳው ፊት ተፈታ። እናት ስሙን ከልብስ መዝገቡ ጋር አመሳክራ ከተደረደሩት ኮቶች መካከል የእሱን ስታወጣለት ካርቶኑን ጭምር ለምኖ፣ ኪሱ ከቶ ሄደ።

ልጅቷ ከማሽኑ አጠገብ ቆማ ቀረች። ፊቷ የጋለው በማሽኑ ሙቀት ብቻ አልነበረም።

ወደ ማታ እራት እንደበሉ እናት ጠረጴዛውን ጠርጋ ጆጉን በቦታው አስቀመጠች።

«በይ እንጂ፣ መምህርት። ነገ እኮ ነው። የአፍንጫውን እንከልሰው?»

ልጅቷ ጥፍሯን ትበላ ነበር። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። እናት ፈተናውን ብትወድቅ እንኳ ልጇን አትከስም፤ «ምላሴ ነው እምቢ ያለኝ» ነው የምትለው። ይኼን ስታስብ ባሰባት።

«እማዬ፣ ያስተማርኩሽን ተዪው።»

«የቱን?»

«ሁሉንም። የአፍንጫውንም፣ የ‹ር›ንም።»

እናት ቁጭ አለች። «ሦስት ሳምንት ሙሉ አፍንጫዬን ስታሠቃዪው ከርመሽ?»

«ተሳስቼ ነው።»

«ላይ ያለው ልጅ እንደዚያ ነው የሚናገረው። የሚፈልጉት እሱን የመሰለ ቢሆንስ?»

«እንግዳው እኮ ወደ ኋላው ዞሮ አየ።»

እናት ሳቋን ልትይዝ ሞከረች፤ አልሆነላትም። «ምስኪን! ‹ከኋላዬ ማን ቆሟል› ብሎ እኮ ነው» አለች ዓይኗን እየጠረገች። ከዚያ ሳቁ ቀስ ብሎ ጠፋ። «የማላውቀው ስም ቢመጣብኝስ? መዝገቡ አይጠየቅ።»

«‹ይህን አላውቀውም፣ እንግዳውን እጠይቀዋለሁ› በያቸው። ምድር ቤት እንደምታደርጊው።»

«ይስቁብኛላ።»

«ይሳቁ።» ልጅቷ ወንበሯን ገፋ አደረገች። ተነስታ በሩ ጋ ሄደች፤ ዞራ እንደ መንገደኛ ወደ ጠረጴዛው መጣች። «እኔ እንግዳ ነኝ። ተቀበይኝ።»

እናት ተነሳች። ሽርጧን አስተካከለች። ከኪሷ ሲባጎ የገባበት ቁራጭ ካርቶንና እርሳስ አወጣች፤ እንደ መሐረብ አብረዋት ነው የሚዞሩት።

«እንኳን ደህና መጡ። ስምዎን እርስዎ እንዴት ነው የሚሉት?»

ልጅቷ አፏን ከፈተች። በቦርሳው ላይ የተጻፈው አጭሩ ስም ምላሷ ጫፍ ላይ መጥቶ ነበር። እናት እርሳሷን ካርቶኑ ላይ አሳርፋ፣ ዓይን ዓይኗን እያየች ትጠብቃለች፤ ከዚያ በፊት ሰምታው እንደማታውቅ ሰው።

ልጅቷ ሙሉውን ተናገረች። እናቷ ያወጣችላትን፣ እስከ መጨረሻው ሆሄ።

እናት ጻፈች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አነበበችው። «ልክ ነኝ?»

«ልክ ነሽ።»

ዓርብ ጠዋት እናት የጎረቤት ኮት ለብሳ፣ የተሰነጣጠቁ ጣቶቿን ቅባት ቀብታ ወጣች። ደጃፉ ላይ ቆም አለችና «ሪዘርቬሽን» አለች፣ ለራሷ።

«‹ር› ተሰማች» አለች ልጅቷ ከውስጥ።

«ትሰማ» አለች እናት፤ ሄደች።

ልጅቷም ቦርሳዋን አነሳች። ነጩን ቀለም በጥፍሯ ሞከረችው፤ እምቢ አለ። የትምህርት ቤት ሰዓት ደርሷል። ካርቶኑን ከጠረጴዛው ላይ ወሰደች፤ ሲባጎውን በቦርሳው እጀታ አሳልፋ፣ ከነጩ ጽሑፍ በላይ እንዲውል አድርጋ፣ ሁለት ጊዜ ቋጠረችው።