በእንሶስላው መሀል ማን ሮጠ?

እትዬ ቆንጅት በእንሶስላ መደባቸው ራስጌ ወድቀው ተገኙ። አናታቸው በገዛ መኮትኮቻቸው ተመትቷል። አጠገባቸው ገና አሁን የተቆፈረ የእንሶስላ ሥር በሰፌድ ተቀምጧል። መደቡ ከዚያ እስከ ጎረቤት አጥር ይዘልቃል። ይህን የደጋ አበባ በቆቦ ሐሩር፣ በጥላና በዕቃ እጣቢ አባብለው ያሳደጉት እሳቸው ነበሩ። የሳጅን ራሔልንም እጅ ለሠርጓ በሥሩ ያቀሉላት እሳቸው ናቸው። ሬሳው ላይ ስታጎነብስ ይህን አልረሳችም። ዓይኗ ግን ሥራውን አልፈታም።

ጎረቤታቸው ጋሽ ካሳ በካቴና ታስረው ቆመዋል።

«ከብቴ በውሃ ጥም እያለቀ አበባ ታጠጫለሽ ብዬ በየቀኑ ተጣልቻታለሁ፤ አልክድም! የተጣላ ሁሉ ቢገዳደል ቆቦ ሰው ይተርፋት ነበር?»

የጠቆመባቸው ፍቅሩ ነው፤ እትዬ ቆንጅት ጡታቸውን ማር ቀብተው፣ በሽማግሌ ፊት የጡት ልጅ ያደረጉት።

«በሩ ላይ ሆኜ አየሁት» አለ። «መትቷት በአበባው መሀል ሮጦ በአጥሩ ሾለከ። እኔ ደም ስለምፈራ ከበሩ ሳላልፍ በቀጥታ ወደ እናንተ መጣሁ።»

«ልብስ እንኳ ሳትቀይር?» አለች ራሔል።

«እናቴ ሞታ ልብስ ልቀይር?»

ራሔል ጎንበስ ብላ መደቡን ከዳር እስከ ዳር ቃኘችው። ከዚያ ሁሉንም ሰበሰበች፤ ለእትዬ ቆንጅት በቤት ሥራ የምታግዛቸውን ብርቱካንንም ጨምራ። አንድ የበሰለ ፍሬ በጣቷ ጫፍ ነካች። ጠሽ ብሎ ፈነዳ፤ ዘሩ ተረጨ።

«አያችሁ፣ ልብስ ሲነካው ይፈነዳል። እስከ ጋሽ ካሳ አጥር ድረስ ግን አንድም የፈነዳ የለም። በዚህ መሀል ሰው ቀርቶ ዶሮ አልሮጠም።»

«ዘሎት ይሆናላ!» አለ ፍቅሩ።

«በዚህ ጉልበቴ?» አሉ ጋሽ ካሳ።

«የፈነዳው እትዬ የወደቁበት ብቻ ነው። ያን ጊዜ አጠገባቸው የቆመ ሰው ዘሩ ተረጭቶበታል።» የፍቅሩን የሱሪ እጥፋት ዘረጋችው። ጥቃቅን ዘሮች ረገፉ። «በሩ ላይ ደግሞ እንሶስላ የለም።»

ፍቅሩ ሱሪውን በችኮላ አራገፈ። «ግቢውን ለሆቴል ስጪኝ ብላት አበባዬ አይነቀልም አለች! ከልጇ አበባዋን አስበለጠች!»

ብርቱካን ሰፌዱን አንስታ ፊቱ አቆመችው።

«ይሄን ለማን የቆፈሩት መሰለህ? እሑድ የልጄን ሙሽራ የቤዛን እጅ እኔው አቀላለሁ ብለውኝ ነበር።»

ፍቅሩ ሰፌዱን ያን ጊዜ ገና አየው። ራሔል የጋሽ ካሳን ካቴና ፈትታ በእሱ እጅ አጠለቀችውና ይዛው ወጣች።

ጋሽ ካሳ ግን ቤታቸው ገብተው አልተቀመጡም። ለከብቶቻቸው ያኖሩትን ጄሪካን ውሃ አምጥተው መደቡ ላይ ቀስ እያሉ አፈሰሱት።

«እንግዲህ ከማን ጋር ልጣላ?» አሉ።