የካምባ ጭስ

«በጉም ቀን ከካምባ የሚጠራ ሬዲዮ የሰው አይደለም።»

የአየር ሜዳው ዘበኛ ጋሽ ካሱ ይህን ሳይሉ ውለው አያውቁም። እኔም ሳልስቅባቸው ውዬ አላውቅም።

የሰማሁትን አይደለም የምነግራችሁ፤ የደረሰብኝን ነው። አርባ ምንጭ፣ ግንቦት 1988፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው።

የሬዲዮ መገናኛ ሠራተኛ ነበርኩ። ማንም አላስተማረኝም፤ ፈትቼ እየገጠምኩ ነው የለመድኩት። ካፒቴን ተክለወልድ ደግሞ ጡረታ ከወጡ በኋላ በአንዲት ትንሽ የበጎ አድራጎት አውሮፕላን ያለ ደሞዝ በሽተኛ ያመላልሱ ነበር።

ካምባ በምትባለው የገጠር ከተማ ልክነሽ የምትባል ሴት ምጥ ጠንቶባታል። የመኪናውን መንገድ ጭቃ ውጦታል። የጤና ረዳቱ ዳልጮ አውሮፕላን ላኩልን ብሎ ከለመነን በኋላ ሁለት ቀን ድምፁ ጠፋ። ጉሙም አልገፈፈም።

ያን ጠዋት ሬዲዮው ሳልጠራው ተናገረ።

«በለጥሽ... ሜዳው ደርቋል። ጭሱ ተለኩሷል። ላኪው።»

እርጥብ ሣር የሚያጨሱት ለአብራሪው ነው። ማረፊያውንና የንፋሱን አቅጣጫ ያሳየዋል።

ድምፁ የዳልጮ ነው። ዳልጮ ግን «ምላሰኛዋ» ሳይለኝ ወሬ ጀምሮ አያውቅም።

«ልክነሽስ?»

«እየጠበቀች ነው።»

ቀኑ የካምባ ገበያ ነው። በገበያ ቀን ሜዳው በከብት ይሞላል። ካፒቴኑም «ከብት የለም ካሉሽ ደግመሽ ጠይቂ» ብለውኛል።

«ከብትስ?»

«የለም። ማንም የለም።»

ከጀርባው ንፋስ እንኳ አይሰማም...

«ልጄ፣ ደግመሽ ጠይቂው» አሉኝ ጋሽ ካሱ ከበሩ ላይ፣ በሹክሹክታ።

ደግሜ ብጠይቅ ፈራች ሊሉኝ ነው።

አልጠየቅኩም።

«ሜዳው ነጻ ነው» አልኳቸው ለካፒቴኑ።

«እናትና ልጅ ይዤልሽ እመጣለሁ» ብለው ተነሱ።

ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ድምፃቸው መጣ።

«ጭሱ ታየኝ... የሚገርም ነው። እኔን ንፋሱ እያንገላታኝ፣ ጭሱ ቀጥ ብሎ ነው የሚወጣው።»

«ከብት አለ?»

«ምንም የለም... ቆይ። ጭሱ ሥር አንዲት ሴት ቆማለች። እርጉዝ ናት። በእጇ ትጠራኛለች።»



«ካፒቴን... ይመለሱ።»

«ምጥ ላይ ናት አላልሽኝም?»

ከዚያ ዝም።

ጠራሁ። ደግሜ ጠራሁ። አሁን ደግሞ መድገም አይደክመኝም...

ያቺ አውሮፕላን እስከ ዛሬ አልተገኘችም።

የዚያኑ ዕለት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ። ጭቃ እስከ ጉልበቱ የበላው ሰው ጆንያ ተሸክሞ ገባ።

«ምላሰኛዋ» አለኝ።

ዳልጮ ነው። በገረሴ በኩል ሁለት ቀን በእግሩ ተጉዟል። ከጆንያው የካምባን ሬዲዮ አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። ሽቦው ተቃጥሎ ጠቁሯል።

«ካናገርኩሽ ሰዓት ጀምሮ ትንፍሽ አላለም። ትጠግኚልኝ እንደሆነ ብዬ ነው።»

እሱ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም፤ ከጫማው ጭቃውን እየፋቀ ቀጠለ።

«ደግሞም አውሮፕላን እንዳትልኩ ልነግራችሁ ነው የመጣሁት። ልክነሽን ከትናንት ወዲያ ቀብረናታል።»